ለሊዲያ ጣት የሚሆን ቀለበት

ዓርብ ንጋት፣ ሺንሺቾ

ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ደረስን። እኔና ሊዲያ ነን። ሊዲያ ልጄ ማቴዎስ ሊያጫት ያሰባት ልጅ ናት፤ እዚሁ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ማቴዎስ የሚያስተምረው ርቆ ነው። የፈተና ወቅት ስለሆነ ፈቃድ አላገኘም። ቀለበት የሚያስርላት ቀን ሲቃረብ «እናንተው ምረጡ» ብሎ ለሁለታችን ተወው።

ሽማግሌዎቻችን የሊዲያን አባት ሲያነጋግሩ «ቀለበቱ ወርቅ ይሆናል» ብለዋል። ማንም አልጠየቃቸውም፤ ደስ ስላላቸው ነው የተናገሩት። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ በሰው ቤት የተናገረው ቃል ተረስቶ አይቀርም። ስለዚህ የቀረው ወርቁን መምረጥ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠበቅን። ጣራው ላይ የዝንጅብል ጆንያ ተጭኗል። ሾፌሩ በመስተዋቱ አየንና፣

«እማማ፣ ልጅዎን ወዴት ይዘዋት ነው?» አለ።

«ቀለበት ልንገዛ።»

«ሙሽራውስ?»

«ሥራ ላይ ነው።»

«እንዲህ ያለ ሥራ ለእኔ አልተገኘልኝም። ሚስቴ ከተማውን ሙሉ አዙራኝ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው ሱቅ ይሻላል አለች።»

ሊዲያ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። መስቀሏን በጥቁር ክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ጆሮዋ ተበስቷል፣ ጉትቻ ግን የለውም። ጌጥ የማትወድ ልጅ ናት ብዬ አሰብኩ።

ዱራሜ

ፀሐይ የሐምበሪቾን ተራራ ስትነካ ዱራሜ ገባን። ሻይ በፓስቲ ቀመስን። ከዚያ ገበያው ዳር ያለች አንዲት ነጋዴ ሱቅ ገባን። አብዛኛው ዕቃዋ ቅብ ነው፤ እሷም አልደበቀችንም።

«ይሄኛው ግን ነጭ ወርቅ ነው። የዘመኑ ልጆች ይሄን ነው የሚወዱት» አለችና መስታወቱ ላይ አኖረችው።

«የቱ ደስ አለሽ?» አልኳት ሊዲያን።

«እርስዎ ያሉት ይሁን፣ የማቴዎስ እናት።»

የባሏን ዘመዶች በስም መጥራት በእኛ አገር ነውር ስለሆነ ከወዲሁ እንዲህ ትለኛለች። የመጣላትንም ይህን ወደድኩ፣ ያንን ጠላሁ አትልም፤ ብትል ስሟ ይነሳል። እኔ ደግሞ «ለመሆኑ ወርቅ ትወጃለሽ?» ብዬ ልጠይቃት አስቤ ተውኩት። ወርቁን ልታስቀርብኝ ነው ብላ ብታስብስ? ምንም ሳንገዛ ከሱቁ ወጣን።

ወደ ሆሳዕና

በአንጋጫ በኩል ያለው መንገድ ይወጣል፣ ይወርዳል። በግራም በቀኝም እንሰት፣ ከእንሰቱ በላይ ባሕር ዛፍ። ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች መንገዱን ሞልተውታል። አንዲት ሴት ቅቤ በቅጠል ጠቅልላ ተሳፈረችና መኪናው ሁሉ ቅቤ ቅቤ ሸተተ። ሊዲያ ትከሻዬ ላይ ተኛች። መቁጠሪያዬን አውጥቼ እስክንደርስ ጸለይኩ።

ሆሳዕና

ባጃጁ ወርቅ ቤቶቹ ያሉበት ሰፈር አወረደን። የገባንበት ወርቅ ቤት ባለቤት ጎልማሳ ነው፤ ሲናገር አይቸኩልም። ፈርጥ የሌለው፣ ቀጭን፣ አሥራ ስምንት ካራት ቀለበት መረጥን። ለሊዲያ ሰፋት። ለልኩ የእኔን ቀለበት አውልቄ ሰጠኋት፤ ልክክ አለላት። የእኔ ቀለበት ንጹሕ ወርቅ አይደለም፣ ድብልቅ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሲገዛው አስቀድሞ ነግሮኛል።

ሰውየው የእኔን ለካና «ነገ ይደርስላችኋል» አለ።

ሊዲያ ቀለበቴን ልታወልቅ ስትል ከለከልኳት። «እስከ ነገ ጣትሽ ላይ ይቆይ። በእሱ ጥሩ ትዳር ኖሬበታለሁ፤ ምርቃት ይሁንሽ።»

እጇን አየችና «አሜን» አለች።

ያደርነው እህቴ አስቴር ቤት ነው። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ዓርብ አይጾምም፤ አታካና ሠርታ ጠበቀችን፤ ቡላው በቅቤና በአይብ ተለውሶ ትኩስ ነበር። ሊዲያ ጥቂት ቀመሰች። ግራ እጇን ከነጠላዋ ሥር አላወጣችም። ደክሟት ነው አልን።

ቅዳሜ

ለቁርስ ስንቀመጥ አስቴር የእጅ ውሃ ይዛ መጣች። ሊዲያ ቀኝ እጇን ብቻ ዘረጋች።

«ሁለቱንም ታጠቢ እንጂ ልጄ። አንዱን ለማን ነው የምታስቀምጪው?» አለች አስቴር።

ሊዲያ ግራ እጇን አወጣች። ቀለበቱ ያለበት ጣት አብጦ ቀልቷል፤ ቆዳው ውሃ ቋጥሯል። ቀለበቱ እሺ ብሎ አልወጣም። አስቴር ቅቤ አምጥታ ቀስ እያለች አወለቀችላት። ሊዲያ ከንፈሯን ነከሰች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ኒኬል ነው። ጌጥ ውስጥ ይደባልቁታል፤ ቆዳዬ አይችለውም። ጉትቻም የተውኩት በሱ ነው።»

«ታውቂ ነበር ማለት ነው?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምርቃት ነው አሉኝ። እንዴት አልፈልግም እላለሁ?»

«የምንገዛው ቀለበትስ እንዲህ ቢያደርግሽ ምን ልታደርጊ ነበር?»

«ለቀለበቱ ቀንና ለሠርጉ አድርጌው፣ ከዚያ አንድ ምክንያት ፈልጌ አወልቀዋለሁ ብዬ ነበር።»

አስቴር አየችኝ። ያገባች ሴት ጣቷ ባዶ ሆኖ ስትታይ በእኛ መንደር ምን እንደሚባል ሦስታችንም እናውቃለን። መጀመሪያ ጠላችው ይባላል። ቀጥሎ ከባሏ አልተስማማችም ይባላል። ይህች ልጅ ሽማግሌ የተናገረውን ላለማስቀየር ብላ ያንን ሁሉ ልትሸከም ነበር።

«ዛሬ የምትመርጪው አንቺ ነሽ» አልኳት። «እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ እንጂ አልናገርም።»

ወርቅ ቤቱ ስንመለስ ሰውየው ቀለበቱን ገና አልነካውም ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን። ጣቷን አይቶ ወንበር ሰጣት።

«ወርቅ ብቻውን ለስላሳ ነው፤ ሌላ ነገር ይገባበታል» አለ። «ይሄኛው ተሠርቶ የመጣልኝ ነው። ውስጡ ምን እንዳለ ምዬ ልነግርሽ አልችልም። ሃያ አንድ ካራቱ የሚገባበት ጥቂት ነው፤ ግን ይጎብጣል።»

«እኔ ቀኑን ሙሉ እጄን ስታጠብ፣ ጓንት ሳጠልቅና ሳወልቅ ነው የምውለው» አለች ሊዲያ። «የሚጎብጥ አይሆነኝም።»

«ብርስ?»

«ወፍራም ካለህ።»

«ያለኝ ስስ ነው። ስቲልም አለኝ።»

«ስቲልም ኒኬል አለበት።»

«አንቺ ነርስ ነሽ ወይስ ወርቅ ሠሪ?» አለና ከመደርደሪያው ሥር አንድ ሣጥን አወጣ። ውስጡ ግራጫ ቀለበቶች አሉ። «ቲታኒየም ይባላል። የሚያየው ሁሉ ብረት ነው እያለ ትቶልኝ ይሄዳል።»

ሊዲያ አንዱን አንስታ በመዳፏ መዘነችው። ከመጣን ወዲህ ፊቷ እንዲህ ሲፈታ አላየሁም።

«ይሄን አውቀዋለሁ» አለችኝ። «አጥንቱ ለተሰበረ ሰው የሚገባለት ነው። ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ አይጎዳም።»

«አንድ ነገር ልንገራችሁ» አለ ሰውየው። «ይሄ እንደ ወርቅ አይሰፋም፣ አይጠብም። ልኩ ዛሬውኑ መገኘት አለበት።»

ያበጠ ጣት አይለካም። የእኔን ቀለበት ሰጠሁት፤ በእሱ ልክ አንዱን ፈልጎ አገኘ። ከወርቁ እጅግ ይረክሳል፤ ይህን ሳውቅ ትንሽ አፈርኩ። የማፍረው ለማን ብዬ እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

ሊዲያ ቀለበቱን ከመስቀሏ ጋር በክሩ አንገቷ ላይ አሠረችው። «ቆዳዬን ነክቶ ይደር፤ ነገ እናየዋለን» አለች።

እሑድ

እዚያው ሆሳዕና ከተማ ቅዳሴ አስቀደስን። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሊዲያ የነጠላዋን ጫፍ ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። ቀለበቱ ያደረበት ቆዳ ንጹሕ ነው። አመሰገንኩ። ወደ መናኸሪያ ሄድን።

የመልሱ መንገድ አጭር መሰለኝ። ዝናብ ነበረ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ መስኮት ካልተዘጋ ሌላው ካልተከፈተ እያሉ ዱራሜ ድረስ ተጨቃጨቁ። እኔ የማስበው ለሊዲያ አባት የምናገረውን ነው። በአንድ ቤት የተሰጠ ቃል የሚነሳው እዚያው ቤት ነው። ሽማግሌዎቹን ሳልጠብቅ ራሴ ልናገር ቆረጥኩ።

ከሺንሺቾ መናኸሪያ በቀጥታ እነ ሊዲያ ቤት ሄድን። አባቷ አቶ ላምቦሬ በረንዳ ላይ ነበሩ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ አማረች በር ላይ ቆመው ጎመን ይቀነጥሳሉ። ይቀመጡ ሳይሉኝ ተናገርኩ።

«ሽማግሌዎቻችን እዚህ ቤት ወርቅ ብለዋል። እኔ ሌላ ይዤ መጥቻለሁ።»

ሊዲያ ክሩን ፈታች። አቶ ላምቦሬ ቀለበቱን ተቀብለው አገላበጡት።

«ይቀላል» አሉ።

«ይቀላል።» ምክንያቱን ነገርኳቸው።

ቀረብ ብለው የልጃቸውን ጣት አዩ። «አንቺስ ምን አልሽ?» አሏት።

እነሱ ያሉት ይሁን እንዳትል ፈራሁ።

«እኔ ነኝ የመረጥኩት» አለች። «ይሄን አላወልቀውም።»

አቶ ላምቦሬ ሳይመልሱ ወይዘሮ አማረች ከበሩ፣ «የእኔም እንዲሁ ያደርገኝ ነበር» አሉ።

«ምኑ?»

«ቀለበቴ።»

«የአንቺ ቀለበት ጠፍቷል እኮ።»

«ሣጥን ውስጥ ነው። ለእናትህ አሳከከኝ ማለት ከበደኝና ጠፋ አልኩ።»

አቶ ላምቦሬ ዞረው ጓሮ ያለውን እንሰት ተመለከቱ። «እናቴ ቀለበቱን ፈልግ ብላ ያን ሁሉ መሬት አስቆፍራኛለች» አሉ።

«አውቃለሁ። ውሃ ሳቀብልህ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ የሳቀችው ሊዲያ ናት። ከዚያ እኔም እየሳቅሁ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። አቶ ላምቦሬ አልሳቁም። ቀለበቱን በጨርቅ ጠቅልለው መለሱልኝ።

«ሽማግሌዎቹን ለእኔ ይተዉልኝ» አሉ። «ከዚህ ቤት ሰው ከእንግዲህ ቀለበት ፍለጋ ጓሮ የሚቆፍር የለም።»