ቦታው ተይዟል

የመጀመሪያ ዘፈኖቼን የቀዳሁት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። መሳቅ ይቻላል፤ እናቴም ስቃብኛለች። ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን ጎረቤት ሲያስነጥስ ከግድግዳው ወዲህ ሆነን «ይማርህ» የምንልበት ቤት ነበር፤ ዝናብ ሲመጣማ ጣራው ራሱ ከበሮ ነው። ትንሽ ጸጥታ የነበረው በእናቴ የክት ቀሚሶች መካከል ብቻ ስለሆነ ክራሬን ይዤ እዚያ እገባለሁ። ሞባይሌን ከልብስ መስቀያው ጋር አስሬ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ በላብ ተጠምቄ እዘፍናለሁ። እንግዳ መጥቶ «ልጅቷስ?» ሲላት እናቴ «ቁም ሳጥን ውስጥ ናት» ትላለች፤ ማብራሪያም አትጨምርም።

ቀን ቀን የምሠራው ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ዘፈኔን በሱቁ ኮምፒውተር ኢንተርኔት ላይ መጫን እጀምራለሁ፤ መብራት ካልጠፋና ኔትወርኩ ካላኮረፈ ወደ ማታ ግድም ይደርሳል። የሚደርሰውም ለግሩፓችን ነው። ካሴት አውጥተን የማናውቅ፣ ወደፊትም እናወጣለን ብለን የማናስብ፣ እቤታችን የምንዘፍን ሰዎች ግሩፕ ነበር። ከወሎ ሰፈር አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ ነበሩ፤ የመሠረቱትም፣ እንደ ክፍል አለቃ የሚቆጣጠሩትም እሳቸው ናቸው።

እሳቸው ያወጡት ሕግ አንድ ነው፤ ዘፈን ያለ ተቀባይ አይደር። ሰርግ ቤት የገባ ሰው ይህን ያውቀዋል። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ተቀባይ ከሌለ አውጪው የቱንም ያህል ቢያምር ብቻውን የሚያወራ ሰው ነው። ስለዚህ ማናችንም ስንዘፍን ከየስንኙ በኋላ ባዶ ቦታ እንተዋለን። መጀመሪያ የሰማው ሰው ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ፣ ቅበላውን በራሱ ሞባይል ቀድቶ ይልካል፤ ባለቤቱ አገጣጥሞ መልሶ ይለጥፈዋል። አስተያየት የሚፈቀደው ከዚያ በኋላ ነው። «ያልተቀበለ አይተችም» ይላሉ አስተማሪዋ። ማንም ያልተቀበለው ዘፈን ደግሞ «ጦሙን አደረ» ይባላል። ከዚህ የባሰ ውርደት በግሩፑ ውስጥ አልነበረም።

የኔ ዘፈን እስከዚያ ድረስ ጦሙን አድሮ አያውቅም ነበር። ሁልጊዜ ቀድሞ የሚቀበለኝ አንድ ሰው ነበር። ፎቶው ላይ ፊቱን ሳይሆን የመኪና ባትሪ ነው ያደረገው። ድምፁ ከፍ ሲል ጥርት ያለ፣ ስንኝ ሲጨርስ ደግሞ ትንሽ ተንፈስ የሚል ነበር። አገር ቤት ይሁን ውጭ አላውቅም ነበር፤ አንድ ቀን ግን ከቅበላው ጀርባ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» የሚል የታክሲ ረዳት ሰማሁ። የዚያን ረዳት ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ቡልጋሪያ ፌርማታ ላይ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀናል። በነጋታው ሄድኩና ፌርማታው አጠገብ ያለው ጋራዥ ውስጥ ዘለቅሁ። አንድ ረጅም ሰው አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሞ ከመኪና ኮፈን ሥር ብቅ አለ።

«አንቺ ቁም ሳጥኗ ነሽ አይደል?» አለኝ፣ ድምፄን እንደሰማ፤ ግሩፑ ውስጥ የሚጠሩኝ እንዲህ ነው።

«አንተስ? የምትቀዳው የት ነው?»

«ይኸው፣ የመጣልኝ መኪና ውስጥ ነዋ! መስኮቱን ትዘጊያለሽ፣ በቃ፣ ስቱዲዮ ነው።»

የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነበር። ሠርቶ የጨረሰውን መኪና ከማስረከቡ በፊት ገብቶ ይዘፍንበታል። ከዚያ ወዲህ ዘፈኑን ስንሰማ ጨዋታችን መገመት ሆነ፤ ጠበብ ያለ ድምፅ ከሆነ የቤት መኪና፣ ሰፋ ካለ ሚኒባስ ነው። እኛን ግን በምት አይምረንም። «ማለቴ፣ ጭብጨባሽ ታክሲ ያመለጠው ሰው ነው የሚመስለው፤ እየሮጠ ይደርሳል» ብሎኛል። ተናድጄ ደግሜ ቀዳሁት፤ ልክ ነበር።

ሻርፑ የብርድ አልነበረም። እንቅርት ነበረበት፤ እያደገ ሄዶ ትንፋሹን ማሳጠር ጀምሮ ነበር። ሐኪሙ ኦፕራሲዮን የግድ ነው ብሎታል፤ ድምፅህ ሊሻክር ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል ብሎ አስጠንቅቆታል። ይህን የነገረኝ ጋራዡ በር ላይ ሻይ ይዘን ቆመን ነው።

«ቢላው ድምፄን ታክኮ ነው የሚያልፈው» አለኝ። «ብተወውስ?»

«ሞተህ ማን ሊቀበለኝ ነው?» ብዬ ጮህኩበት። ሻዩ ሸሚዜ ላይ ፈሰሰ። እሱ ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም።

ለኦፕራሲዮኑ ሊተኛ ሲል አንድ ትልቅ ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ የራሱን ዘፈን ቀዳ።

መብራቱም ይመጣል ሽቦው ከተያያዘ፣
ልቤ ነው የጠፋው መንገድሽን የያዘ።

ከየስንኙ ኋላ ሰፊ ቦታ ትቶልን ሆስፒታል ገባ። ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። እኛም ደስ ብሎን ስጦታ እናዘጋጅለት አልን፤ ያበላሸነውም እዚህ ላይ ነው። መቀበል ብቻ ሲበቃን አስተማሪዋ «ሙሉውን እንዝፈንለት» አሉ። ስንኞቹን ተከፋፈልን። እያንዳንዳችን ደግሞ ለክብሩ ብለን እንደሱ ለመዝፈን ሞከርን፤ እንደሱ ከፍ አልን፣ እንደሱ መጨረሻው ላይ ተንፈስ አልን። እኔ አገጣጠምኩት። እውነት ለመናገር በጣም ያምር ነበር።

የመለሰልን አንድ መስመር ነው፤ «ተዝካሬን በቁሜ አወጣችሁልኝ።» ከዚያ በኋላ ጠፋ።

አስተማሪዋ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ምን አድርገን ነው?» አሉኝ፤ ድምፃቸው እንደ ወትሮው የአለቃ አልነበረም።

«እትዬ፣ እርስዎ ምን ያድርጉ፣ ሁላችንም ነን» አልኳቸውና፣ ወደ ሥራ መመለሱን ስሰማ ቡልጋሪያ ወረድኩ። አንገቱ ላይ ሻርፕ አልነበረም፤ ጠባሳው ገና ቀይ ነው። ሲናገር አሸዋ የገባበት ሞተር ይመስላል።

«ሰማሽው?» አለኝ። «ድምፄ እናንተ ጋ ነው ያለው። ሁሉም ቦታ ሞልቷል። እኔ የት ልግባ?»

«ተቀበላ!»

«በዚህ ድምፅ? እኔኮ ዘፋኝ ነበርኩ።»

«ዘፋኝማ ሞልቷል!» አልኩት፤ የጋራዡ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። «ቁም ሳጥን ውስጥ ብቻዬን ስጮህ የመለሰልኝ ሰው አንተ ብቻ ነህ። ያንን ለመስማት ጥርት ያለ ድምፅ አልጠየቅሁህም።»

ወደ ሽቦዎቹ ዞረ። እኔም ተናድጄ በእግሬ እስከ ቤቴ ሄድኩ።

በዚያ ክረምት ከቤታችን ማዶ ያለው መንደር መፍረስ ጀምሮ፣ ጎረቤት በየቀኑ ዕቃውን ጭኖ ወደ ኮንዶሚኒየም ይሄድ ነበር። ስለዚሁ ነገር የጻፍኩት ዘፈን ነበረኝ። አውጪው «ማን አለ ከሰፈር?» ብሎ ይጠይቃል፤ ተቀባዩ «አለሁ፣ እኔ አለሁ» ይላል፤ ሌላ የተወሳሰበ ነገር የለውም። ቁም ሳጥኔ ውስጥ ገብቼ ቀዳሁት፣ ቦታውን ትቼ ለጠፍኩት። ለማንም ምንም አላልኩም። ከሜክሲኮ አካባቢ ያለ አንድ ፈጣን ልጅ ወዲያው «ልቀበል ነው» ብሎ ጻፈ። አስተማሪዋ ከሥሩ «ቦታው ተይዟል» አሉ።

ልጁ ገባው። «ይቅርታ፣ ተይዟል» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያም ሌላው፤ ታክሲ ውስጥ ጓደኛው እስኪመጣ ወንበር ላይ እጁን እንደሚዘረጋ ሰው ሁሉም «ቦታው ተይዟል» እያሉ ከሥር ከሥር ጻፉ። የማውቃቸውም የማላውቃቸውም። ዘፈኔ ጦሙን አደረ፤ ሰነበተም። ነገሩን የማያውቅ አዲስ ገቢ «ይቺ ልጅ ተቀባይ አጣች እንዴ?» ብሎ ሲቀልድ አነበብኩ። ድሮ ቢሆን አልጋዬ ላይ ተደፍቼ አለቅስ ነበር። ያኔ ግን እያንዳንዱን «ተይዟል» ደጋግሜ እያነበብኩ ኮራሁ። ፊታቸውን እንኳ የማላውቃቸው ሰዎች ለአንድ ሰው ብለው ዝም ማለት ችለው ነበር፤ እንደኛ ላለ መዝፈን ለሚወድ ሰው ዝምታ ቀላል አይደለም።

ፋይሉ የመጣው ሱቁ በሰው ተጨናንቆ እያለ ነው። ማዳመጫውን ሰካሁ። መጀመሪያ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ። ሚኒባስ ነው። ከውጭ ያ ረዳት «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላል። የኔ ድምፅ ከማዳመጫው አምልጦ ከሩቅ ይሰማል፤ «ማን አለ ከሰፈር?» ዝም። ደግሞ «ማን አለ ከሰፈር?» አሁንም ዝም። በሦስተኛው ጉሮሮውን ጠረገና «አለሁ» አለ። ድሮ ከፍ ይልበት የነበረውን አሁን ዝቅ ብሎ፣ እየተሰነጠቀ፣ «እኔ አለሁ» አለ። ዘግይቶ ነበር የገባው። እኛን በምት የማይምረን ሰው፣ ታክሲ እንዳመለጠው ሰው እየሮጠ ነው የደረሰው።

«የኔ እህት፣ ኮፒው?» አለኝ ደንበኛው። እንባዬን በእጄ ጠርጌ የመታወቂያውን አንድ ገጽ ሁለቴ አነሳሁለት።

ሳገጣጥመው ትንሽ ወደፊት ልስበው እችል ነበር፤ ኮምፒውተሩ ላይ ቀላል ሥራ ነው። አልነካሁትም። እንደመጣ፣ ዘግይቶ እንደገባ ለጠፍኩት። ማታ ቤት ስገባ ከቁም ሳጥኑ ፊት ለፊት ተቀምጬ፣ ሞባይሌን ከፍ አድርጌ ለእናቴ አሰማኋት። ቀሚስ እያጣጠፈች እስከ መጨረሻው ሰማች። ጎረቤቱም ከግድግዳው ማዶ ሳይሰማ አልቀረም።

«ይሄ ጎርናናው ማነው?» አለችኝ።

«ተቀባዬ ነው» አልኳት።