ባሌን ያቃተው በር

ባሌ ቁልፍ ሠሪ ነበር። ሰፈሩ ስሙን ትቶ «ክፈትልኝ» ነበር የሚለው፤ ሱቁ የሚመጣ ሰው ሁሉ ገና ሰላምታ ሳይሰጥ የሚላት ቃል እሷ ናት። እኔም ሲያናድደኝ በዚሁ ስም ነበር የምጠራው።

ሐኪሙ የጉበቱን ውጤት አይቶ «ከሦስት እስከ አራት ወር» ባለ ቀን፣ እኔ ኮሪደሩ ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ። እሱዬው የሐኪሙን በር እጀታ ከፍ ዝቅ እያደረገ፣ «ይቺ ላልታለች፣ አንድ ቀን ሰው ትቆልፍባቸዋለች» ይላል። በሽቄ ልሞት። ቤት ስንደርስ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና፣ «ያቺን ሴትዮ ፈልጊልኝ» አለኝ።

የቷን ብዬ አልጠየቅኩም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አብራን ኖራለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ሳቂታ ሰውዬ ሱቁ መጥቶ፣ ቁልፌን ውስጥ ረስቼ በሩን ዘጋሁት ይለዋል። ባሌ የማያውቀውን ሰው ቤት ከመክፈቱ በፊት ቤቱ ያንተ መሆኑን በምን አውቃለሁ ብሎ ይጠይቅ ነበር፣ ሁሌም። የዚያን ቀን ሥራ በዝቶበት አልጠየቀም። በቃ፣ ይኸው ነው ጥፋቱ። አብሮት ሄዶ ሽቦውን ከትቶ በሁለት ደቂቃ ከፈተለት። በሩ ገርበብ ሲል፣ ከኮሪደሩ ጫፍ አንዲት ሴት በባዶ እግሯ ቆማለች። አልጮኸችም። ባሌን ብቻ አየችው። ሰውዬው ገባና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው፤ ባሌም ደረጃውን ወርዶ ወደ ሥራው ሄደ። ሰውዬው ባሏ እንደሆነ፣ ከእሱ ሸሽታ እዚያ ተደብቃ እንደነበረና ደብድቧት ሆስፒታል እንደገባች የሰማው በማግስቱ ነው። ሰውዬው ታሰረ። መታሰሩ ግን ለባሌ ምንም አልፈየደለትም።

ከዚያ ወዲህ ጀርባውን ለበር ሰጥቶ ተቀምጦ አያውቅም። ምሳ እየበላን ማንኪያው እጁ ላይ ይቀራል፣ ዓይኑ የእኛ ኮሪደር ጫፍ ላይ ተተክሎ። መታጠቢያ ቤት ስገባ ውጭ መጥቶ ይቆማል። «ምን ፈለግክ ደግሞ?» ስለው፣ «ምንም፣ እዚያ መሆንሽን ነው» ይለኛል። እሱ የሚያያትን ሴትዮ እኔም ለመድኳት። አንዳንዴ ልብስ ታቅፌ በኮሪደሩ ሳልፍ ጥግ ይዤ መንገድ እለቅላት ነበር።

ዘመድ አዝማዱ «አሳርፊው፣ አስታሚው እንጂ» እያለ ሲጨቀጭቀኝ፣ እኔ ሰው በሰው እያጠያየቅኩ ስዞር ከረምኩ። ላውንድሪ ቤት ስትተኩስ አገኘኋት። የማን ሚስት እንደሆንኩ ስነግራት ካውያውን አቆመች።

«ምን ፈለገ? ይቅርታ?»

«በርሽን መሥራት ነው የሚፈልገው፣ እህቴ» አልኳት።

ኮሌታውን ገልብጣ ተኩሳ ጨረሰች። «እሁድ ይምጣ» አለች።

እሁድ የመሣሪያ ሳጥኑን እኔ ተሸከምኩ፤ እሱ ራሱን ችሎ ሦስት ፎቅ መውጣቱም ትልቅ ነገር ነው። በየደረጃው ይቀመጣል። እንመለስ ስለው፣ «አንቺ ሴት፣ ሞት የትም አይሄድብኝም፤ አሁን ሥራ ላይ ነኝ» አለኝ። ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጡ።

«አንተ ነህ» አለችው በሩ ላይ።

«እኔ ነኝ» አለ።

የበሩ ቁልፍ ሕፃን ልጅ በማንኪያ የሚከፍተው ዓይነት ነው። ከበሩ ጀርባ ወንበር አለ። የወለሉ ሲሚንቶ በየቀኑ ወንበሩ እየተጎተተበት ተቦርብሯል። ባሌ ተንበርክኮ ቡርቡሩን በጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ ካቻቢቴውን አንሥቶ አሮጌውን ነቀለና፣ ካሉት ሁሉ ጠንካራውን ቁልፍ ገጠመላት።

«አንተስ ትከፍተዋለህ?» አለችው።

ዋሽቶ አይገላገልም? «እንጃ» አላት።

«እንግዲያው ውጣና ሞክር። የምርህን ሞክር፤ ብታታልለኝ አውቃለሁ።»

ወጣን። ከውስጥ ቆለፈች። ባሌ ሽቦ በሽቦ እየቀየረ፣ ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፎ ታገለ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ በላብ ተጣበቀ። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሜ ስጸልይ፣ ይከፈት ልበል አይከፈት ግራ ገባኝ። አንድም በር አቅቶት የማያውቅ ሰው ነው። በመጨረሻ ሽቦው ውስጥ ተሰብሮ ቀረ።

«አቃተኝ» አለ።

በሩን አንኳኳሁ። «እህቴ፣ ሰውዬው ታማሚ ነው፣ ውሃ እንኳ ስጪው፣ ክፈቺ» አልኩ።

«አልከፍትም» አለች። በቁጣ አልነበረም። ቃሉን አፏ ላይ የምትለካው ነበር የሚመስለው። ደገመችው፣ «አልከፍትም።»

የአፌን ላወርድባት ስል ባሌ እጄን ያዘኝ። «ተያት» አለ። «በሯ ነው።»

የዚያን ቀን ቤታችን ገብቶ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀመጠና ሾርባውን አንጠፍጥፎ ጠጣ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ሞተ።

አሁን ያቺ ሴት ኮሪደራችን ላይ የለችም። እሱ ግን አለ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ስዘጋ ውጭ መጥቶ ሲቆም ይታወቀኛል።

«እዚህ ነኝ» እለዋለሁ።