ንቦቹን ያበላሁ ቀን

ይህ ነገር መጻፍ ይገባው እንደሆነ አሁንም አላውቅም። የተጎዳ ሰው የለም። ጣጣው ሁሉ የመጣው ጥቂት ንቦች ሳይሞቱ በመቅረታቸው ነው።

ዘንድሮ ጆሃንስበርግ ዩኒቨርሲቲ እንደገባሁ አንዲት የማስተርስ ተማሪን ላብራቶሪ ውስጥ ማገዝ ጀመርኩ። እሷም እንደኔ እዚሁ ያደገች ሐበሻ ናት። ቲማቲም ላይ የሚረጭ ፀረ ተባይ የዱር ንቦችን ይገድል እንደሆነ ትፈትሻለች። ንቦቹ ደረቅ እንጨት ቦርቡረው የሚኖሩ ትልልቅ ጥቁሮች ናቸው። ጽሑፏን እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ካላስገባች ምረቃዋ በዓመት ይዘገያል።

የእኔ ድርሻ ንቦቹን ከፈተናው በፊት ሁለት ሰዓት ያለ ምግብ ማቆየት ነበር። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ቮስሎሩስ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከሱቃችን ጀርባ ባለው ቤታችን፣ እናቴ መድኃኒት በባዶ ሆድ አታስወስድም። ስለዚህ ለሁሉም ንጹሕ የስኳር ውኃ ሰጠኋቸው። በኋላ መርዝ ያለበትን የስኳር ውኃ ሳይነኩት ሲቀሩ ደፋሁትና ዕቃውን አጠብኩ። የታጠበ ዕቃ ደስ ይላታል ብዬ ነው።

በማግስቱ ሁሉም በሕይወት ነበሩ። «አልጎዳቸውም» ብላ ለአማካሪዋ ጻፈች።

በሳምንቱ ለክፍል ጓደኞቿ ስታስረዳ ከኋላ ተቀምጬ ሰማሁ። ንቦቹ የሚራቡት መርዙን አሟጠው እንዲጠጡ ነው። እጄን አየሁት፤ የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ። ሲወጡ ጠብቄ ነገርኳት።

«ስንቱን አበላሽ?»

«ሁሉንም።»

«ለማነጻጸሪያ መርዝ የማይሰጣቸውንም?»

«አዎ። እንዳላዳላ ብዬ።»

ላፕቶፗን ዘጋች። «እሺ እህቴ፣ ፍትሐዊ ነሽ» አለች። «ሌላ ንብ እንፈልግ በቃ።»

ትቆጣኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጣችም። ለአማካሪዋ የተሳሳተ ውጤት መላኳን ስትጽፍ አጠገቧ ቆምኩ። የእኔን ስም አላነሳችም።

ንብ ለማግኘት ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ቀነ ገደቡም በዚያ መሀል አለፈ፤ እሷም አላነሳችው እኔም አላነሳሁት። ሁለተኛው ፈተና ላይ እጄን ኪሴ ከትቼ ሁለቱን ሰዓት ቆምኩ። ጠጡት። ጠዋት ንቦቹ ያሉበትን ጠርሙስ በጣቴ መታ እያደረግኩ እግሯ የማይንቀሳቀሰውን «ሞታለች» ብዬ ጻፍኩ። ምንም አልተሰማኝም፤ ጽሕፈቴ ግን ያምር ነበር።

ምረቃዋ ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ። የመጨረሻዋን ንብ የመዘገብኩት ኦክቶበር 24፣ ዓርብ ጠዋት ነው።