ሰርቪስ የሌለው ቤት

ጋሽ ጉዲና ኦክላንድ ውስጥ ለኤግዚቢሽን የሚቀርቡ የቤት ሞዴሎችን በእንጨት የሚሠሩ አናጢ ነበሩ። በፈረንጆቹ 1994፣ ጃማይካ ውስጥ የሸንኮራ እርሻ ጌቶች የኖሩበትን አንድ የድሮ ቤት ሞዴል እንዲሠሩ ፕላን ተሰጣቸው። አለቃቸው “መስኮቱ የእንግሊዝ፣ በረንዳው የስፔን፣ ጣሪያው የአፍሪካ፤ ድብልቁ አያምርም?” አላቸው።

ጋሽ ጉዲና ፕላኑን አገላብጠው አዩና “ሰርቪሱ የታለ?” አሉ።

አለቃው ቃሉን በእንግሊዝኛ ትርጉሙ ወስዶ የጠየቁት ስለ መብራትና ውሃ መስመር መሰለው። “ያኔ መብራት የለም” ብሎ ሳቀ። ይሳቅ እንጂ፣ እሱ ምን ቸገረው።

የጋሽ ጉዲና ደም ፈላ። አዲስ አበባ እናታቸው የሰው ቪላ ውስጥ ምግብ እያበሰሉ ያሳደጓቸው ከቪላው ጓሮ፣ ሰርቪስ በምትባለው የሠራተኛ ክፍል ነው።

“መብራት አላልኩም። ቤቱን የሠሩት ባሪያዎች የት ነበር የሚያድሩት?”

“ጓሮ ጎጆዎች ነበሯቸው። ግን ሞዴሉ ጓሮው ላይ ቦታ የለውም፤ ሰውም የሚመጣው ቤቱን ለማየት ነው።”

ጋሽ ጉዲና ሦስት ሳምንት ጥርሳቸውን ነክሰው ሠሩ። ሞዴሉ ሲገለጥ፣ ከዋናው በር ፊት ለፊት አርባ ጎጆዎች በሙጫ ተጣብቀው ተደርድረዋል።

አለቃው ፊቱ ቀላ። “ይሄ ምንድን ነው?”

“ጓሮው ላይ ቦታ የለም ስላልከኝ ነው” አሉት።