አልቀላ ያለው ቲማቲም

ጅዳ ውስጥ የፍራፍሬ ማብሰያ ቤት በተቀጠርኩ ዕለት አሠሪዬና የመኖሪያ ዋሴ የሆነው ከፊሌ አረንጓዴ ሙዝ የሞላበት ቀዝቃዛ ክፍል አስገባኝ። «እዚህ ፍሬ የሚበስለው ስናዘው ነው» አለኝ። ኤትሊን የሚባለውን ጋዝ የሚለቀውን መሣሪያም አሳየኝ። ፍሬ ሊበስል ሲል ራሱ የሚያወጣው ጋዝ ነው፤ እኛ ቀድመን እንሰጠዋለን። ከጥቂት ቀን በኋላ ሙዙ ቢጫ ሆኖ ሲወጣ ሳይ ደነገጥኩ።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ሥራውን በዓይኔና በእጄ ተምሬ የክፍሉ ኃላፊ ሆንኩ። ያልበሰለ ፍሬ ካየሁ የሰነፈ ሠራተኛ እፈልግ ነበር። ልጆቼንም ያሳደግኩት በዚሁ ሕግ ነው።

አንድ ረመዳን ሊገባ ሲል ከከፊሌ እርሻ ጥሬ ቲማቲም መጣ። ጋዝ ሰጠነው። አብዛኛው ቀላ፤ ከየሳጥኑ ሩብ ያህሉ ግን ገርጥቶ ቀረ። ደግመን ሰጠነው። እንደ ድንጋይ ጠንካራ፣ እንደ ሎሚ ቢጫ! ከፊሌ ቸኩሎ አስጫነው፤ መካ፣ ሚስፈላ ሰፈር ያለው ሆቴል ከበር መለሰው።

«ያ ኢድሪስ፣ ተኝተህበት ነው ወይስ ጋዙን ሸጥከው?» ብሎ ጮኸብኝ።

«ወላሂ፣ ከጋዙ የጎደለ የለም።»

«ኸላስ! ምክንያቱን አምጣ፤ ካላመጣህ ኢቃማህን አላድስም።»

ሚስቴና ልጆቼ የሚኖሩት በእኔ ኢቃማ፣ በመኖሪያ ፈቃዴ ነው። ከጋዙ ካልሆነ ከተክሉ ይሆናል ብዬ እርሻው ድረስ ሄድኩ። አትክልቱን የሚጠብቀው ሰዒድ የሚባል የወሎ ሰው ነው።

«ዘሩን ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«ከራሳችን ነዋ፣ ጋሼ! ካምናው ቲማቲም ሳይበላሽ ብዙ የቆየውን መርጬ ያዝኩ። አባቴ የማሽላ ዘር እንዲህ ነው የሚይዝ።»

እንዲህ ላለ ሰው ልጄን እድርለታለሁ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ዘር ሻጩ ግብፃዊ ዘንድ ሄጄ ጠየቅኩ። ሳቀብኝ።

«ያ ሐጅ፣ አምና ከእኔ የገዛችሁት ዘር እኮ ድቅል ነው። ከአንዱ ወላጁ ‹ብሰል› የሚል፣ ከሌላው ‹አትብሰል› የሚል ዘረ መል ወርሷል። ሁለቱ ስለሚጓተቱ ዘግይቶ ይበስላል፤ ሳይበላሽ የሚቆየውም ለዚህ ነው። የእሱን ዘር መልሳችሁ ስትዘሩ ግን ከአራት ተክል አንዱ ገደማ ‹አትብሰል›ን ከሁለቱም ወገን ይወስዳል። ያንን ተክል ጋዝህ ምንም አያደርገውም።»

ማንም አልሰነፈም፤ ማንም አልሰረቀም። ጥፋቱ የመጣው ምርጡን በመምረጥ ነው!

ለሰዒድ የሰማሁትን ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ያባርረኛል፣ ጋሼ።»

«ያባርርህ ይሆናል። እኔ ግን አልዋሽም።»

«እንግዲያው እኔው ልንገረው» ብሎ ስልኩን አነሳ።

የእኔ ኢቃማ ታደሰ። ሰዒድ ተባረረ። እኔ ዘንድ ማብሰያ ክፍሉ ውስጥ እንዲሠራ ከፊሌን ለመንኩት፤ እምቢ አለ። አሁን ጅዳ፣ ሸረፊያ ሰፈር የቀን ሥራ ይፈልጋል።

በዚህ ሥራ ላላችሁ፦ ድቅል ዘር በየዓመቱ ይገዛል። ምርጡን ለዘር ማስቀረት ለማሽላ ይሠራል፤ ለዚህ ቲማቲም አይሠራም።