ካሜራው ይልካል፣ እኛ አንልክም

ይህን የምጽፈው ሆስፒታል በር ላይ ሆኜ ነው። አብራኝ አበባ የምትቆርጠው ጫልቱ፣ እርጉዝ እኮ ናት፣ ዛሬ ስራ ላይ ደም ይፈሳት ጀመር!

እርሻችን ከሱሉልታ ወጣ ብሎ ነው፣ የስልክ ኔትወርክ የለም፣ ያለችን በሳተላይት ዲሽ የምትመጣ ዋይፋይ ብቻ ናት።

ሱሉልታ ለነበረው የእርሻው ሹፌር በቴሌግራም "ቶሎ ና" ብዬ ጻፍኩ፣ ይዞራል ይዞራል አይሄድም። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ይልክ ጀመር፣ ጭራሽ ባሰበት! ሰው የለቀቀው ቪዲዮ ግን ወዲያው ይከፈታል፣ መቀበል ይሰራል፣ መላክ ነው እምቢ ያለው።

ጥበቃው ኦቦ ቶላ ዲሹ ሲተከል ነበሩ፣ እየሮጡ መጡ። "ሁላችሁም ባንዴ ስትልኩ እኮ ይጋጫል! አጥፉ፣ እሷ ብቻ መልእክቱን ትላክ!" አሉ ወደ እኔ እየጠቆሙ።

አጠፋን። አሁንም እምቢ።

ለካ ሳያቋርጥ ቪዲዮ እየላከ መላኪያ መስመሩን የያዘው አለቃችን ከተማ ሆኖ እኛን የሚያይበት ካሜራ ነው! ኦቦ ቶላ ነቀሉት። መልእክቱ ወዲያው ሄደ፣ መኪናው መጣ፣ ጫልቱም ልጁም ተርፈዋል፣ ጌታ ይመስገን።

አለቃው የጻፈልን ምን መሰላችሁ? "ካሜራውን ማን ነቀለው?" ጫልቱ እንዴት ሆነች የለ፣ ምን የለ!

ሽማግሌውን ኦቦ ቶላን ሊያባርር ነው አሉ። እፈራለሁ፣ ግን ነገ "እኔ ነኝ የነቀልኩት" እለዋለሁ።

እናንተ ጋስ ከሰው በፊት ካሜራ ነው የሚቀድመው? ንገሩኝ እስቲ፣ ብቻዬን አትተዉኝ።