ቀይ ሆዷ ወፍ በሚካኤል ዕለት

የተነሣሁት ወፍ ለማየት አይደለም፤ ዓይኔም ለዚያ አይበቃም። የሄድኩት ለልጅ ልጄ ለመክሊት ስል ነው። በክረምቱ መውጫ ከአራብሳ ወዲያ ባለች አንዲት የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን የዘመድ ተዝካር ነበረብንና ይዣት ሄጄ ነበር። እዚያ ደን ውስጥ ጀርባዋ አረንጓዴ፣ ሆዷ ቀይ ወፍ አየሁ ብላ እየሮጠች መጣች። ትምህርት ቤት ስታወራው ሳቁባት። መምህርቷ እኔን አስጠርታ፣ «አባባ፣ እርስዎም አይተዋታል?» ብትለኝ፣ ያላየሁትን አየሁ አልልምና «አላየሁም» አልኩ። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ስሟን ትተው «ቀይ ሆድ» ይሏት ጀመር።

መምህርት ሰላም ግን ደግ ናት። «እንዲህ ያለች ወፍ አለች፤ ናሪና ትሮጎን ትባላለች። የሞቃት አገር ደን ወፍ ናት፤ በእኛ አካባቢ ከተገኘች ብርቅ ነው» አለችና የተፈጥሮ ክበቡን ልጆች ልትወስድ አሰበች። ቀኑን ይምረጡልን ብትለኝ፣ በወሩ ሚካኤል ላይ የዋለውን ቅዳሜ መረጥኩ። ልጅ ይዞ መንገድ በደግ ቀን ነው ብዬ።

ጠዋት፣ ከጉርድ ሾላ

አውቶቡሱ ከትምህርት ቤቱ በር ሲነሣ ልጆቹ ከኋላ ዘፈን ያዙ። መክሊት ከጎኔ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋለች። ሰሚት ላይ መኪናው ተቆላልፎ ቆምን። መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብስ ሴት ነበረች።

«ስንት ነው?» አልኳት በመስኮት።

«ሠላሳ ብር ነው፣ አባቴ።»

«ከነእርሻው?»

ሳቀችና ትልቁን መርጣ ሰጠችኝ። ለሁለት ሰብረን በላን።

ይኼኔ አንድ አውሮፕላን ቦሌ ሊያርፍ ዝቅ ብሎ በላያችን አለፈ። ሮቤል የሚባል ቀልደኛ የክፍል ጓደኛዋ ተነሥቶ፣ «መክሊት፣ ያቻትልሽ ወፍሽ። ሆዷ ግን ነጭ ነው» አለ። አውቶቡሱ በሳቅ ተሞላ። እኔም ልስቅ ብዬ፣ ፊቷን አየሁና ተውኩት።

ከአራብሳ ወዲያ

ኮንዶሚኒየሙ ሲያልቅ አስፋልቱም አለቀ። ግራና ቀኙ ጤፍ ነው፤ ገና አረንጓዴ፣ ንፋሱ እንደ ውኃ ያወዛውዘዋል። በሬዎቹን እስኪያሳልፍ ያቆመንን ገበሬ በምችላት ኦሮምኛ ሰላም ስለው፣ እሱ በአማርኛ መለሰልኝ።

«ለሚካኤል ነው? ቶሎ በሉ፤ ሰዉ ከሌሊት ጀምሮ ሲገባ ነው ያደረው።»

የሠራሁት ስሕተት ያኔ ገባኝ።

ግቢው ሰው በሰው ሆኗል። ድምፅ ማጉያው ወይራው ላይ ታስሮ ደኑን ያናውጠዋል። መምህርት ሰላም ቆማ አየችው።

«አባባ፣ ይቺ ወፍ እኮ ጩኸት አትወድም።»

«ደግ ቀን ብዬ ነው፣ ልጄ።»

ምንም አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ደኑን ዞርነው፤ ጽዱንም፣ ዝግባውንም አንጋጠን አየን። እንኳን እሷ፣ ቁራም የለ። ቅዳሴው አልቆ ማጉያው ሲጠፋም ምንም አላገኘንም። ሮቤል፣ «ቀይ ሆድ፣ ወፍሽ አስቀድሳ ወጥታለች» አለ።

መክሊት እጄን ያዘችኝ። «አባባ፣ እንሂድ በቃ። ዋሽቼ ነው እላቸዋለሁ።»

«አላየሻትም እንዴ?»

«አይቻታለሁ። ግን ይተዉኛል።»



ዳቦው

ልንወጣ ስንል አንዲት የማኅበር እናት አንድ ዝግባ ሥር መንገዱን ዘጋችብን። «ጠበል ጻዲቅ ሳይቀምስ ማን ይወጣል? ያውም ልጅ ይዛችሁ!»

«ሹፌሩ ቸኩሎብን ነው፣ እማማ» አለች መምህርቷ።

«እሱንም ጥሪው።»

ተደርድረን ቆምን። ዳቦው ሳይባረክ አይነካምና ቄሱ ጸሎት ጀመሩ። የእኚህ ቄስ ጸሎት ደግሞ ረጅም ነው። አዋቂውም ልጁም አንገቱን ደፋ፤ ያ ሁሉ ግቢ ጸጥ አለ። ሮቤል ብቻ ዳቦውን ሲያይ ቆይቶ ሰለቸውና ወደ ላይ አንጋጠጠ።

የመክሊትን ነጠላ ሲጎትት አየሁት። በጸሎት መሐል አይወራም፤ በአገጩ አሳያት። እሷ ቀና አለች። ቀጥሎ አጠገቧ ያለችው፣ ቀጥሎ ሁሉም። የመምህርቷ የሩቅ ማያ መነጽር አንገቷ ላይ ነበር፤ እጇን እንኳ አላነቃነቀችም። በኋላ እንደነገሩኝ፣ ወፏ ጀርባዋን ሰጥታ ቅጠል መስላ ተቀምጣ ኖሯል፤ ድንገት ዞር ስትል ሆዷ እንደ ፍም በራ። እኔ ያየሁት ቅጠልና ሰማይ ነው። ያንጋጠጡትን ልጆች ግን አየሁ፤ የሮቤል አፍ ተከፍቶ ቀርቷል።

ልጆቹ ምን አዩ ብለው ይመስላል፣ ቄሱም ቀና አሉ። ጸሎቱን አላቋረጡም፤ ድምፃቸውን ብቻ ዝቅ አደረጉት። መጨረሻ ላይ አሜኑ ከሁላችንም አፍ በሹክሹክታ ወጣ።

ወደ ቤት

በመልስ ጉዞ ሮቤል መጥቶ ከፊታችን ተቀመጠ።

«መክሊት፣ መጀመሪያ ያየኋት እኔ ነኝ አይደል?»

«ሁለተኛ ነህ» አለችው።

እስከ ጉርድ ሾላ ድረስ ሲከራከሩ እኔ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ቤት ስንደርስ ልጄ፣ የመክሊት እናት፣ በር ከፍታ፣ «እሺ፣ ያቺ ወፍ አለች?» አለች። መክሊት ዞራ እኔን አየች። በዚያ ጠዋት በዓይኔ ያላየሁትን አየሁ ማለት አሁንም አልችልም። ዓይን ብቻውን ምስክር እንዳልሆነ ግን ከዚያ ጸሎት ተምሬ መጥቻለሁ።

«አለች» አልኳት።